ሃያ ዓመት በአንድ መስመር አይጻፍም

በአንድ መሥሪያ ቤት ረጅም ዘመን ያገለገለ ሰው ሲቪ ላዘጋጅ ሲል ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ዓመትህ ራሱ ይናገር የለም ወይ? ሌላ ምን ልትጽፍ ነው?» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «የሚፈልገው አጥቶ ነው የቆየው እንዳይሉህ ዓመቱን ሸፈን አድርገው» ይለዋል። የመጀመሪያው በዓመቱ ይመካል፣ ሁለተኛው ያፍርበታል፤ ሁለቱም ግን አንድ መሥሪያ ቤትን እንደ አንድ ሥራ ይቆጥራሉ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትልቅ የግል ድርጅት ከ1990 ጀምሮ የሠራ የሒሳብ ባለሙያን እናስብ። በ1995 የተጨማሪ እሴት ታክስ ሥራ ላይ ሲውል ደረሰኙም መዝገቡም ለታክሱ እንዲመች መደራጀት ነበረበት። ቆይቶ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን መጣ። አዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ ሲደነግግ የደመወዝ ሥሌቱ ተለወጠ። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን ይዞ ሲመጣ የለመደውን የሒሳብ መግለጫ አሠራር እንደ አዲስ መማር ግድ ሆነበት። በ2008 ደግሞ የገቢ ግብር አዋጁ ተተካ። ይህ ሰው አንድም ቀን መሥሪያ ቤት ሳይቀይር ሥራው አራትና አምስት ጊዜ ተቀይሮበታል። ሲቪው ላይ የሚገኘው ግን «ከ1990 ጀምሮ፣ የሒሳብ ሠራተኛ» የሚል አንድ መስመር ነው። ከሥሩ «በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል፣ በቡድን ሥራ የሚያምን» የሚል፣ ከጽሕፈት አገልግሎት ቤት የተገዛና የማንም ሊሆን የሚችል ዓረፍተ ነገር ይከተላል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነገሩ ይብሳል። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጡ (ቢፒአር) ሲመጣ አደረጃጀቱ ተለወጠ፤ የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባው (ጄኢጂ) ሲመጣ የመደቡ መጠሪያና ደረጃ ተለወጠ። «ባለሙያ አራት» የሚለው መጠሪያ ከግቢው ውጭ ላለ ሰው ምን ይነግረዋል?

ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የቅጥር ማስታወቂያዎቻችን የሚጠይቁት የዓመት ቁጥር ነው። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ ያዝዛሉ፤ በእነዚያ ዓመታት ምን እንደተሠራ ግን አይጠይቁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በተግባር «የሥራው ዓይነት» የሚሞላው በመደቡ መጠሪያ ብቻ ነው። የሰው ኃይል ክፍሎች ይህን ልማድ መተው አለባቸው፤ ሁለት መስመር መጨመር የሚያስከፍላቸው ነገር የለም።

ታዲያ ሲቪው እንዴት ይጻፍ? የድርጅቱ ስምና ጠቅላላው ዘመን ከላይ አንድ ጊዜ ይስፈር። ከሥሩ እያንዳንዱ ምደባ የራሱ ርዕስና ዓመት ይኑረው። መጠሪያው ግልጽ ካልሆነ በሚገባ ቋንቋ ይብራራ። በየምደባው ሥር «ኃላፊነቱ ነበረብኝ» ከማለት ይልቅ ምን ተረከብኩ፣ ምን ለወጥኩ፣ ለማን አስረከብኩ የሚለው ይጻፍ። የዕድገትና የምደባ ደብዳቤዎች፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዎች ለዚህ ይረዳሉ። የቅርቦቹ ዓመታት ሰፋ፣ የጥንቶቹ ጠበብ ይበሉ።

«ራስን ማወደስ አያምርም፤ ሥራዬ ይመስክርልኝ» የሚሉ ታላላቆቻችንን አከብራለሁ። ነገር ግን ሥራቸው የሚመሰክረው ላዩት የሥራ ባልደረቦች ነው፤ አዲሱ ቀጣሪ በዚያ አልነበረም። ዝርዝር መጻፍ ለማጋነን በር ይከፍታል የሚሉም አሉ። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። «ታታሪ» የሚለውን ቃል ማንም ሊያጣራው አይችልም፤ «የቅርንጫፉን የደመወዝ ሥሌት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያሸጋገርኩት እኔና አንድ ባልደረባዬ ነን» የሚለውን ግን በአንድ ስልክ ማጣራት ይቻላል። በጋራ የተሠራውን በጋራ፣ የግልን በግል መጻፍ እውነተኛነት እንጂ ጉራ አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሥራ ማስረጃው ሥራ ሲለቀቅ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ እንዲሰጥ ይላል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያላችሁ፣ ምደባችሁ በተለወጠ ቁጥር ዝርዝሩን አስጽፉ፤ የሚያውቃችሁ ኃላፊ ሳይዛወር፣ ፋይሉም መጋዘን ሳይገባ። ቀጣሪዎችም በማስታወቂያቸው «ስንት ዓመት» ካሉ በኋላ «ምን ሠራችሁበት» ብለው ይጠይቁ።