የፈረስ ጉልበት በዝቶ ደስታው ለምን ቀነሰ? የስፖርት ሴዳኖችና የባሕረ ሰላጤው ገዢ

በፈረንጆቹ 2024 የተዋወቀው አዲሱ ቢኤምደብሊው ኤም 5 727 የፈረስ ጉልበት አለው። እርሱ የተካው ሞዴል “ኮምፒቲሽን” በተሰኘው ከፍተኛ ደረጃው 625 ነበረው። አምራቹ ራሱ ባወጣው አኃዝ መሠረት ግን፣ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ አዲሱ 3.5 ሰከንድ ሲፈጅበት ቀዳሚው በ3.3 ሰከንድ ይደርስ ነበር። አንድ መቶ ፈረስ ተጨምሮ ጋሪው ዘገየ ማለት ነው። ምክንያቱ ክብደት ነው። አዲሱ 2,435 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህም ከቀዳሚው ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ይበልጣል። አምስት ጎልማሶች ተሳፍረው ዳግመኛ እንዳልወረዱ ያህል ነው።

ይህ በአንድ አምራች ላይ ብቻ የደረሰ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅንጦት ስፖርት ሴዳን የሚባለው የመኪና ዘር፣ ማለትም አራት በርና ምቹ መቀመጫ ይዞ እንደ ውድድር መኪና እንዲሮጥ የሚፈለገው፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በወረቀት ላይ እየበረታ፣ መሪውን ከጨበጠው ሰው ግን እየራቀ መጥቷል። ገዢ የሚያነሣቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ሲነዳ ያስደስታል ወይ? የተከፈለበትንስ ያህል ያወጣል ወይ? የሁለቱም መልስ ዛሬ ከሾፌሩ ፍላጎት ይልቅ በብራስልስ በሚወጣ ሕግ እየተወሰነ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት አዳዲስ መኪኖች በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ95 ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳይለቁ ያስገደደው ደንብ በ2020 ተጀምሮ በ2021 ሙሉ በሙሉ ጸና። የየአምራቹ ድርሻ በመኪኖቹ ክብደት መጠን ቢስተካከልም፣ ከጣሪያው ያለፈ ድርጅት ለእያንዳንዱ ትርፍ ግራም በሸጠው መኪና ቁጥር ልክ 95 ዩሮ ይቀጣል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ለሚሠራ ድርጅት ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም። የተገኘው መውጫ በነዳጅ ሞተሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተርና ከሶኬት የሚሞላ ባትሪ መደረብ ሆነ። በይፋዊው መለኪያ ኤም 5 በ100 ኪሎ ሜትር ከ2 ሊትር ያነሰ ቤንዚን ይፈጃል ተብሎ የተመዘገበውም፣ መለኪያው ባለቤቱ ባትሪውን ዘወትር እየሞላ እንደሚነዳ ስለሚገምት ነው። በጀርመን ደግሞ የመሥሪያ ቤት መኪና የሚነዳ ሠራተኛ፣ መኪናው መስፈርቱን የሚያሟላ ሃይብሪድ ከሆነ፣ ግብሩ የሚሰላበት መነሻ በግማሽ ይቀንስለታል። ስለዚህ በሙኒክ ለሚኖር ሥራ አስኪያጅ ያ ሁሉ ተጨማሪ ክብደት ጥቅም አለው፤ ጥቅሙን በየወሩ በደመወዙ ላይ ያየዋል።

በዱባይ ወይም በአቡ ዳቢ ለሚኖር ገዢ ሒሳቡ ሌላ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የነዳጅ ዋጋን ከኦገስት 2015 ጀምሮ ከዓለም ገበያ ጋር ብታያይዝም፣ በመኪና ጭስ መጠን የሚሰላ የአውሮፓ ዓይነት ከባድ ግብር በዚህ የለም። የግብር ቅናሹ በአውሮፓ ይቀራል፤ ክብደቱ ግን ከመኪናው ጋር በመርከብ ይመጣል፤ ከዚያም በጎማ፣ በፍሬን ሸራና በሞላ ላይ ዋጋውን ይጠይቃል። እርግጥ ነው፣ ቪላ ውስጥ የሚኖርና በደጁ ሶኬት ያለው ሰው የከተማ ጉዞውን በኤሌክትሪክ ብቻ ሊጨርስ፣ ለሱብሒ ሶላት ሲወጣም ጎረቤቱን ሳይቀሰቅስ ሊሄድ ይችላል። በሕንፃ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው አብዛኛው ሰው ግን ይህን አያገኝም፤ እርሱ የሚነዳው ያልተሞላ ባትሪ የተሸከመ የነዳጅ መኪና ነው።

የዚህ ለውጥ ብርቱ ምሳሌ የመርሴዲስ ኤኤምጂ ሲ 63 ነው። ሲ 63 በባሕረ ሰላጤው ወጣቶች ዘንድ ስሙ የገነነው ከባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩ በሚወጣው ድምፅ ነበር። በ2022 የቀረበው አዲሱ ያን ሞተር ጥሎ 2.0 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተርን ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር አጣመረ። ጉልበቱ 680 ፈረስ ሆነ፤ ክብደቱም ከ2,100 ኪሎ ግራም አለፈ። ባትሪው 6.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚይዝ ስለሆነ በኤሌክትሪክ የሚሄደው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከምሕንድስና አንጻር አስደናቂ ሥራ መሆኑን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ስምንት ሲሊንደር ለመስማት ለዓመታት ሲቆጥብ የኖረ ሰው አራት ሲሊንደር ቢቀርብለት፣ ሰንጠረዡ ምንም ይበል ምን፣ ፊቱን ቢያዞር የሚያስገርም አይደለም።

የመንዳት ደስታ የሚለካው በምንድን ነው? የመጀመሪያው ኤም 3 በ1986 ሲወጣ 2.3 ሊትር ሞተርና ወደ 200 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ክብደቱ ግን 1,200 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ዛሬ ተራ የቤተሰብ መኪና በጉልበት ይበልጠዋል፤ ሆኖም ሰብሳቢዎች እስከ አሁን በውድ ዋጋ ይሻሙበታል። ቀላል መኪና መታጠፊያ ላይ ሲገባ ሐሳቡን ለሾፌሩ ይነግረዋል፦ የፊት ጎማ መንሸራተት ሲጀምር በመሪው በኩል እጅ ላይ ይሰማል፤ ፍሬኑ ሲረገጥ ወዲያው ይይዛል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ሳያመነታ ይመልሳል። ከባድ መኪና ይህንኑ ለማድረግ ኮምፒውተር፣ ተንቀሳቃሽ ሞላና ሰፋፊ ጎማ ያስፈልገዋል። ያደርገዋልም፤ ግን ሥራውን የሚሠራው መኪናው እንጂ ሾፌሩ አይደለም።

ጉልበት ብቻውን ደግሞ ረክሷል። የቻይናው ሻኦሚ በ2025 ለገበያ ያቀረበው ኤስዩ 7 አልትራ 1,548 የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሴዳን ሲሆን፣ ዋጋው 529,900 ዩዋን ተብሎ ነበር የታወጀው። ስልክ ሠሪ ድርጅት ይህን ካቀረበ በኋላ የጀርመን አምራቾች በፈረስ ቁጥር የሚያሸንፉት ውድድር የቀረ አይመስልም።

በዚህ መመዘኛ ሲታይ ለመንዳት ደስታ ቀዳሚውን ቦታ የምንሰጠው ለጣሊያኑ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ኳድሪፎሊዮ ነው። በ2015 የተዋወቀ፣ በ2.9 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር 510 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ፣ የኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚገፉት መኪና ነው። ኮፈኑና ጣሪያው ከካርቦን ፋይበር የተሠሩ ሲሆኑ ክብደቱ ከ1,700 ኪሎ ግራም በታች ነው። መሪው እጅግ ፈጣን ነው፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ እጅን ከቦታው ሳያነሡ ማጠፍ ይቻላል። (የእኛ ጋራዦች ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ሞላ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያን የተወረሱ ናቸውና፣ የአበሻ መካኒክ ይህን መኪና በአፉ እንግዳ አድርጎ አይቆጥረውም።) ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው፤ አዲስ ሲገዛ ውድ፣ ሲሸጥ ርካሽ ነው። የመለዋወጫ አቅርቦቱም እንደ ጀርመኖቹ የተትረፈረፈ አይደለም።

ከዚያ የሚከተለው ኤም 3 ነው። ከ2020 ጀምሮ የሚሠራው ትውልድ 3.0 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አለው፤ በኮምፒቲሽን ደረጃው 510 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ክብደቱም 1,730 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ባትሪ አልተጫነበትም። መሪው የጁሊያን ያህል ባይናገርም፣ መካኒኩም መለዋወጫውም በየቦታው ይገኛል፤ ገዢም አይጠፋለትም። ደስታንና ዋጋን አንድ ላይ ለሚመዝን ሰው ከአዲሶቹ መካከል ሚዛኑ የሚያደላው ወደዚህ ነው።

አሜሪካኖቹ ያልተጠበቀውን አድርገዋል። ካዲላክ በ2021 ያወጣው ሲቲ 5-ቪ ብላክዊንግ 6.2 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተርና 668 የፈረስ ጉልበት ይዞ፣ ከባለ ስድስት የእጅ ማርሽ ጋር፣ በአገሩ ሲወጣ 85,000 ዶላር ገደማ ነበር። ታናሹ ሲቲ 4-ቪ ብላክዊንግ ደግሞ በ60,000 ገደማ 472 ፈረስ ይሰጥ ነበር። ሌክሰስ በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው አይኤስ 500 ቱርቦ የሌለው 5.0 ሊትር ሞተር አለው። በመታጠፊያ ላይ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ይሁን እንጂ የሌክሰስ ስም በሽያጭ ቀን ገንዘብ ያስመልሳል። በአነስተኛ በጀት የጄኔሲስ ጂ 70 አይናቅም። በ2017 ሲወጣ የመንዳት ባሕርዩን የመራው፣ ቀድሞ የቢኤምደብሊው ኤም ክፍል ዋና መሐንዲስ የነበረው አልበርት ቢየርማን ነበር፤ ይህም መሪውን በያዙ ቅጽበት ይታወቃል።

አብዛኛው አንባቢያችን ግን እነዚህን መኪኖች አዲስ አይገዛም፤ የሚያገኛቸው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ እጅ፣ በሻርጃው ሱቅ አል ሐራጅ ወይም በዱባይ አል አዊር ነው። ትክክለኛው የዋጋ ጥያቄ የሚነሣውም እዚህ ነው። የቅንጦት ሴዳን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋው በፍጥነት ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። ግማሽ ዋጋውን ያጣ ኤም 5 ፍሬን ሲቀየርለት የሚከፈለው የአዲስ ኤም 5 ፍሬን ዋጋ ነው። በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው የሚሰበረውም በግዢው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ትልቅ ጥገና ነው። ስለዚህ ከግዢው ገንዘብ ሌላ ለጥገና የሚሆን ሳይያዝ መፈረም አይገባም። በኤምሬትስ ሕግ ባንክ ለመኪና የሚያበድረው ከዋጋው እስከ 80 በመቶ፣ ለ60 ወራት ብቻ ነው። በሙራበሐ የሚገዛም ቢሆን ባንኩ የሚጨምረው ትርፍ አስቀድሞ ተቆርጦ የታወቀ ነውና፣ የአምስት ዓመቱን ጠቅላላ ክፍያ መኪናው በዚያን ጊዜ ከሚያወጣው ጋር አስተያይቶ መወሰን ይቻላል። ለባሕረ ሰላጤው ሙቀት ታስቦ የተሠራውን ከአሜሪካ በአደጋ ተመትቶ ከመጣው መለየትም የግድ ነው፤ የሁለቱ ራዲያተርና ማቀዝቀዣ አንድ አይደለም፤ ቱርቦ ሞተር ደግሞ በሞቃት አየር ጉልበት ያጣል።

ደስታው የት ይገኛል የሚለውም አለ። በሼክ ዛይድ ጎዳና የሚፈቀደው 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህን አንድ ተራ ኮሮላም ይደርስበታል። በዱባይ በ2023 የወጣው ድንጋጌ ሕይወትን አደጋ ላይ በሚጥል አነዳድ የተያዘን መኪና ለማስለቀቅ 50,000 ድርሃም ይጠይቃል፤ ከዚያ በታች የሚሸጡ ስንት መኪኖች አሉ። የቀረው እንደ አል ዐይኑ ጀበል ሐፊት ያለ ጠመዝማዛ ተራራ ነው፤ በዚያ ደግሞ የሚጠቅመው ቀላል ክብደትና የሚናገር መሪ እንጂ 700 ፈረስ አይደለም። ያለበለዚያ በክፍያ የሚገባበት የያስ ማሪና ወይም የዱባይ አውቶድሮም መወዳደሪያ አለ።

“ነድቼው ነድቼው ወደ አገር እልከዋለሁ” የሚል ሐሳብ የነበረው ሰው ደግሞ መንገዱ ተዘግቷል። ኢትዮጵያ በ2020 ባወጣችው የኤክሳይዝ ሕግ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጥላ ነበር፤ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። እዚህ የተገዛ የነዳጅ ስፖርት ሴዳን የሚሸጠው እዚሁ ነው፤ ለገዢውም የመጨረሻው ሒሳብ የሻርጃው ነጋዴ በዚያን ቀን የሚሰጠው ዋጋ ነው።