ስም የሌለው ሟች

የኮኤን ወንድማማቾች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. የሠሩት «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» የተባለው የነፍሰ ገዳይ ታሪክ በሲኒማ ዐዋቂዎች ዘንድ እጅግ የተመሰገነ ነው፤ በማግሥቱ ዓመትም የምርጥ ፊልምን ሽልማት ጨምሮ 4 ኦስካር ተቀብሏል። እኛም ዝናውን ሰምተን በድሬዳዋ ተመለከትነው፤ ነገር ግን ቅር ተሰኘን።

የአሠራሩ ጥበብ አይካድም። ያሳዘነን ሌላ ነው። ገዳዩ አንዱን መንገደኛ መኪናውን ለመውሰድ ብቻ ይገድለዋል፤ የሟቹ ስም አይነገርም፤ የሚያለቅስለትም አይታይም፤ ታሪኩ ወደ ሌላው ግድያ ያልፋል። እኛ ግን የደቻቱ ጎርፍ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን የወሰደባት ከተማ ልጆች ነንና ሞት ዋዛ እንዳልሆነ እናውቃለን። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ እስላሙ ጎረቤት ከክርስቲያኑ ጋራ ለኀዘን ይቀመጣል፤ ቤተ ክርስቲያንም በ40ኛው ቀን ሟቹን በክርስትና ስሙ ታስበዋለች።

ከፊልሙ የወደድነው አንድ ነገር አለ። ገዳዩ አንዳንድ ጊዜ ሳንቲም ወርውሮ በሰው ሕይወት ይፈርዳል። አንዲት መበለት ግን የሳንቲሙን ገጽ መምረጥ እምቢ ብላ፥ ፈራጁ ሳንቲሙ ሳይሆን ራሱ መሆኑን ትነግረዋለች። ይህ ቃል ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ነጻ ፈቃድ ከምታስተምረው ጋራ ይስማማል።

ወላጆች ሆይ፤ እንዲህ ያለውን ፊልም ለሕፃናት አታሳዩ። ያደጉት ልጆቻችሁ ካዩት ግን «ለሟቹ ማን አለቀሰለት?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልስ ያጣ ልጅ የጐደለውን ነገር ራሱ ያገኘዋል።