በደጅ የቀሩት እናት

በኢየሩሳሌም አሮጌ ቅጥር ውስጥ ወዳለ አንድ ትንሽ ቤተ መዘክር ከተሳላሚዎች ጋር ሄጄ ነበር። እኛ ስንገባ፥ በተሽከርካሪ ወንበር የመጡ አንዲት እናት በሁለት ደረጃ ምክንያት በደጅ ቀሩ። ጠባቂው፥ «ቤቱ ጥንታዊ ነውና ድንጋዩ አይነካም» አሉ።

ይህ ምክንያት የስንፍና መሸፈኛ ነው። ድንጋይ ሳይፈርስ፥ ምስማርም ሳይመታበት፥ ከእንጨት የተሠራ ተዳፋት በደረጃው ላይ ማኖርና ማንሣት ይቻላልና። የታወቀው ልክ ለ1 እጅ ከፍታ 12 እጅ ርዝመት ነው፤ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር ለሆኑ ሁለት ደረጃዎች 3 ሜትር ከ60 ይበቃል። ወደ ፎቁ መውጣት ባይቻል እንኳ፥ ዋና ዋናዎቹን ዕቃዎች ወደ ምድር ቤት ማውረድን፥ ለዓይነ ስውራንም በእጅ የሚዳሰስ ቅጂ ማዘጋጀትን ማን ከለከለ?

የዳዊት ግንብስ ጥንታዊ አይደለምን? ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 ታድሶ ሲከፈት አሳንሰር ተተክሎለታል።

ይህን የምንለው ምጽዋት ለመለመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፥ በ30ኛው አንቀጽ ቤተ መዘክሮችን ለይቶ ይጠቅሳል። ኢትዮጵያ በ2010፥ እስራኤልም በ2012 ተቀብለውታል።

እኒያ እናት ጥሪታቸውን አሟጠው፥ ባሕር ተሻግረው መጥተው፥ የቀራቸው መንገድ ሁለት ደረጃ ብቻ ነበር። ቤተ መዘክር ማለት የመታሰቢያ ቤት ማለት ነው። እንግዲህ ድንጋዩን ጠብቀን ሰውን በደጅ ከጣልን፥ መታሰቢያውን የጠበቅነው ለማን ነው?