ከራይን ወንዝ እስከ ቤተ ልሔም

ባለፉት ሳምንታት ስለ ልጅ ልጆቻችን ክትባትና ስለ ክረምት ሳል ስናወራ ከርመናል። ዛሬ ስለ ሽርሽር ላጫውታችሁ። ሽርሽሩ የእኔና የባለቤቴ ነው። መጨረሻው ዓይን ሐኪም ዘንድ ስለሚያደርሰን ከዓምዱ ወጣች አትሉኝም።

ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ራይን ወንዝ ከስዊዘርላንድ ተራሮች ተነስቶ፣ ጀርመንን አቋርጦ ሰሜን ባሕር እንደሚገባ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጠመኔ እየሳለ አስተምሯል። ወንዙን ግን አይቶት አያውቅም። እኔም በነርስነት ዘመኔ የዓመት ፈቃድ የወሰድኩት ለሠርግ፣ ለለቅሶና የታመመ ለማስታመም ነው። ሁለታችን ብቻ፣ ለማየት ብቻ ብለን ከቤት ወጥተን አናውቅም። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ውጭ አገር ሄደ ከተባለ ወይ ልጁ ወልዳለች፣ ወይ ታሟል። ስለዚህ በ2010 ክረምት ጀርመን የምትኖረው ልጃችን «ልጅ የሚጠብቅልኝ አልፈልግም፣ ዘንድሮ መጥታችሁ ተንሸራሸሩ» ስትለን ጎረቤቶቻችን አላመኑም። አንዷማ «ደብቃችሁኝ ነው እንጂ ኩላሊት ነው አይደል?» ብላኛለች።

መጀመሪያ ሮም ገባን። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን አደባባይ አየነው። ሐውልቱ በ1997 ወደ አገሩ ስለተመለሰ ባዶውን ቦታ ማየት ደስ ይላል፤ ባለቤቴ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ከዚያ ቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የኢትዮጵያውያን የሚባለውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን አሳየችን። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የእኛ መነኮሳት በእግርና በመርከብ እየመጡ ያረፉበት ነው። የአማራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ለጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ ያስጠኑት እዚያው ሮም ተገናኝተው ነው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ከእኛ በፊት አስተማሪ ልከናል ማለት ነው» አለ።

ኮሎኝ ላይ ነገሩ ተለወጠ። የከተማው ካቴድራል በፈረንጆቹ 1248 ተጀምሮ በ1880 ያለቀ፣ ማማው 157 ሜትር የሚረዝም ነው። እላይ ለመውጣት 533 ደረጃ አለው። ሰውየው ገና ከአዲስ አበባ ሲነሳ «ወጥቼ ራይንን ከላይ አየዋለሁ» ይል ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ፣ ጠባቡንና ጨለም ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ አየና ቆመ። «ጉልበቴን አመመኝ» አለ። ጉልበቱን አላመመውም። ሦስት ቀን ሙሉ ሮምን በእግሩ ሲያዳርስ የነበረ ሰው ነው።

በማግስቱ ራይንን ተከትሎ በሚሄደው ባቡር ተሳፈርን። በሁለቱም በኩል የወይን እርሻ፣ ኮረብታው ላይ የድሮ መሳፍንት ግንብ፣ መስኩ ላይ እረኛ የሌላቸው ላሞች። ለነገሩ እኔን የገረመኝ የላሞቹ ነገር ነው፤ ማን ይመልሳቸዋል? ልጃችን «አባዬ፣ በግራ በኩል ግንቡን እየው!» ስትለው አንገቱን ሙሉ ያዞራል። «በቀኝ!» ስትለው እንደገና ሙሉ ያዞራል። ግራና ቀኙ እንደተጋረደበት የጋሪ ፈረስ ነበር። ቡና ሲመጣለት እጁ ስኒውን ገጭቶ ደፋው። ልጃችን አየችኝ። እኔም አየኋት።

ዓይን ሐኪሙ የዓይኑን ግፊት ለካው። ጤነኛ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ነው። የእሱ በቀኙ 38፣ በግራው 31 ሆነ። ግላኮማ ነው ተባልን። የቀኝ ዓይኑ ነርቭ አብዛኛው ሞቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የሰው የደም ግፊት፣ የሰው ስኳር ስለካ የኖርኩ ነርስ ነኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ምልክቶቹ ቤቴ ውስጥ ነበሩ። ምሽት ላይ የበሩን ደፍ ይስታል። ከጎኑ የቆመ ጎረቤት ሳያይ ስለሚያልፍ «ጋሼ ጡረታ ወጥቶ ኮራ፣ ሰላምታም ነሳን» ብለው አምተውታል፤ እኔም ተቆጥቼዋለሁ። ማንበብ አስቸገረኝ ሲለኝ ከገበያ መነጽር ገዝቼ ሰጠሁት። ዕድሜ ነው አልኩ። ሌላው ቢለው ይቅር ይባላል፤ እኔ ግን አውቅ ነበር።

ብዙዎቻችሁ ግላኮማንና የዓይን ሞራን አንድ ታደርጋላችሁ። አንድ አይደሉም። ሞራ የዓይንን መስታወት የሚያደበዝዝ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣና ሰው እንደገና ያያል። በግላኮማ ግን ብዙ ጊዜ ዓይን ውስጥ ያለው ውሃ መውጫው ይጠብና ግፊቱ ይጨምራል፣ የማያው ነርቭ ቀስ እያለ ይሞታል። የሞተው አይመለስም። ጠብታውም ቀዶ ሕክምናውም የሚጠብቁት የቀረውን ነው። ብዙውን ጊዜ አይቆጠቁጥም፣ አይቀላም። የሚጀምረው ከዳር ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ጥርት ብሎ ስለሚታይ ታማሚው ራሱ አያውቀውም። ለዚህ ነው አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ሳያመውም የሚታየው። በተለይ አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እህት ያለበት ሰው።

ከሐኪሙ ስንወጣ ባለቤቴ ብዙ አልተናገረም። ማታ ግን «ፓሪስ ይቅርብኝ» አለ። «ገንዘቡ ካለ፣ ሳይዘጋብኝ ቤተ ልሔምን አሳይኝ።»

የተወለደው ጋይንት ነው። ልጅ ሆኖ ፊደልና ዳዊት ከየኔታ ዘንድ ቆጥሯል። ታላቅ ወንድሙ ቤተ ልሔም ድጓ ገብቶ ሳይጨርስ ታሞ ሞተ፤ እሱን አስኳላ የላኩት ከዚያ በኋላ ነው። የዓለምን ካርታ ሁሉ ሲያስተምር፣ የአንድ ቀን መንገድ ያህል የምትርቀውን ቤተ ልሔምን አላያትም። እኔም አላየኋትም። በወጣትነቴ ነፋስ መውጫ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የተገናኘነውም እዚያ ነው። ቤተ ልሔምን የማውቃት በተማሪዎቿ የውሻ ንክሻ ነበር። በእንተ ስማ ለማርያም ብለው ሲለምኑ የተነከሱ፣ እከክ የያዛቸው፣ ለምድ የለበሱ ልጆች ይመጡ ነበር፤ ቁስላቸውን አጥቤ፣ የውሻ በሽታ መርፌ ወግቼ እሸኛለሁ። ከየት እንደመጡ ሄጄ ልይ ብዬ አላውቅም። ቶማስ ፓክንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዝ አገር ተምሮ እንደጨረሰ፣ በፈረንጆቹ 1955፣ ባሕር አቋርጦ በበቅሎ መጥቶ አይቷት፣ በ1959 መጽሐፍ ጽፎባታል።

በጥር 2011 ተነሳን። ከባሕር ዳር ወረታ፣ ከወረታ ቻይኖች በሠሩት መንገድ ወደ ደብረ ታቦር። ጋፋትን አሳዩን፤ አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት ነው። ከዚያ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ጉናን ታክኮ ነፋስ መውጫ። ስሙን የሚያህል ብርድ አለው፤ ጋቢያችሁን እንዳትረሱ። መኪናው ውስጥ አንድ ሽማግሌ እግራቸው አብጦ አየሁ። «መንገድ ላይ ሽንት ያስቸግረኛል ብዬ የውሃ ማውጫውን ኪኒን ሦስት ቀን ተውኩት» አሉኝ። ስንቶቻችሁ ናችሁ እንዲህ የምታደርጉት? ሰዓቱን ስለመቀየር ሐኪም ጠይቁ እንጂ አትተዉት። የባለቤቴ ጠብታ ከእጄ ቦርሳ አልወጣም። ከመኪናው ጣሪያ ላይ የተጫነ ሻንጣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ይጠፋልም።

ከዋናው መንገድ ወጥተን በመኪና፣ የቀረውን በበቅሎና በእግር ሄድን። ዳገቱ ላይ ክንዴን ያዘ። በአርባ ዓመት ትዳራችን መንገድ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን የሄድነው ያኔ መሆኑን ሳስብ ሳቄ መጣ።

ቤተ ልሔም ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ሌላው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት። በክቡ ውስጥ ግን ሌላ፣ በጣም የቆየ ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ አለ። ቤት በቤት ውስጥ ነው። የኋላ ሰዎች አሮጌውን አላፈረሱትም፣ ከበቡት እንጂ። ባለቤቴ ፊት ለፊቱን ብቻ ስለሚያይ ጥቂት ጥቂት እያደረገ፣ አንገቱን እያዞረ ቆይቶ አየው። እኔ በሴቶች በኩል ሆኜ የማየው እሱን ነበር።

አገሪቱ የታወቀችው ግን በሕንፃው አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ፣ የትም ይማረው የት፣ አስመስክሮ መምህር የሚሆነው ቤተ ልሔም ነው። በዚያው በጋይንት በኩል ያለችው ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ናት። ተማሪው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራዩን በቃሉ ይይዛል፤ መጽሐፉንም በገዛ እጁ ብራና ላይ ይጽፋል። በፊደሉ አናት ላይ የሚደረጉት ምልክቶች፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ርክርክና ሌሎቹም፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተሠሩ ይነገራል።

ማታ ከጎጆዎቹ አጠገብ ተቀመጥን። መብራት የለም። ልጆቹ በጨለማ ይቀጽላሉ፣ የኔታ መጽሐፍ ሳይዙ ይሰማሉ፤ አንዱ ቢስት ከሃያው ድምፅ መሃል ለይተው ይመልሱታል። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። «እዚህ እኮ ሁላችንም እኩል ነን» አለኝ በጆሮዬ። ከየኔታ ፈቃድ ጠይቆ በስልኩ ቀዳ።

እኔ ደግሞ ሲነጋ የልጆቹን ዓይን ማየት ጀመርኩ፤ የሙያ አመል ነው። ዓይነ ማዝ የያዛቸው፣ ዝንብ የወረራቸው ነበሩ። ትራኮማ እንደ ግላኮማ አይደለም፤ ፊትን በየቀኑ መታጠብና መድኃኒቱ ይከለክለዋል። በቦርሳዬ የነበረውን ቅባት ተውኩላቸው። አይበቃም ነበር። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ሳሙና ያዙ። ዛሬ መንገዱ እንደዚያን ጊዜ በሙሉ ልብ የሚኬድበት አልሆነም፤ ሰላም ያውርድልንና።

አሁን የባለቤቴ ቀኝ ዓይን ብርሃን ብቻ ይለያል። ግራው በጠብታው ይዟል። ጠብታ ለምታደርጉ፦ አንድ ጠብታ ይበቃል። ካደረጋችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ሁለት ደቂቃ ያህል በጣት ተጫኑ፤ ሁለተኛ ዓይነት ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ነው። አስም ያለባችሁ ቲሞሎል የሚባለው ከመታዘዙ በፊት ለሐኪሙ ተናገሩ፣ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ግፊቱ ወረደ ተብሎም አይቆምም።

ከጋይንት እንደተመለስን ልጆቻችንንና የባለቤቴን እህቶች አስመረመርኩ። አርባ ሊሞላው የተቃረበው የበኩር ልጃችን ግፊቱ 27 ተገኘ፤ ነርቩ ገና አልተነካም ነበር። ምንም አይሰማውም፤ ሥራ አለኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ቀጥሮኝ ቀርቶ ነው የሄደው። አሁን አባትና ልጅ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይደዋወላሉ። አባትየው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ያደርግና «አደረግህ?» ይለዋል። «አደረግሁ አባዬ፣ አንተስ?» ከዚያ ስልኩ ላይ የቤተ ልሔምን ልጆች ይከፍትና ጥጉን ተጭኖ ይተኛል።