ከምሳ በፊት አንዲት ብርጭቆ

ውድ አንባቢዬ፣ እርስዎ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ በእንጦጦ ጥግ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ሆኑ ልገምት። ዕለቱ እሑድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመልሰዋል፤ ምሳው ገና አልደረሰም። እንግዲያውስ ሸሚዝዎን ይተኩሱና ከእኔ ጋር ወደ ፒያሳ ይውረዱ።

የሰፈርዎ ስም ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን እንደ መጣ ያውቃሉ። «አፔሪቲፍ» የሚባለውም ቃል ፈረንሳይኛ ነው፤ ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ መክፈት ነው። ከምግብ በፊት ቀመስ ተደርጎ የምግብ ፍላጎትን የሚከፍት መጠጥ ሁሉ በዚህ ይጠራል እንጂ የአንድ መጠጥ ስም አይደለም።

ይህን የተማርሁት በኀፍረት ነው። የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልሁ ዕለት፣ ስሙን ከማላነሣው አንድ ቤት ገብቼ ባንኮኒውን ተደግፌ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ «አንድ አፔሪቲፍ!» አልሁ። አሳላፊው «የቱን ጌታዬ?» ቢለኝ «ያንኑ!» ብዬ መለስሁ። ጥቁር ፈርኔት ቀዳልኝ። እንደ ኮሶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥሁት፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሒሳቡን ስከፍል ለምሳ ያሰብሁት ገንዘብ አብሮ ሄደ። ከጎኔ የቆሙ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይህ እኮ ከምሳ በኋላ የሚጠጣ ነው፤ አንተ ግን ምሳህንም አብረህ ጠጣኸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ በ1845 እ.ኤ.አ. ሚላኖ ላይ የተጀመረው ፈርኔት ብራንካ የሚታወቀው ምግብ በማንሸራሸር ነው። ለፊተኛው ጊዜ የሚስማማው ቬርሙት ነው። እርሱንም አንቶኒዮ ካርፓኖ በ1786 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ከወይን ጠጅና ከመራራ ቅጠላ ቅጠል አሰናድቶ ሸጠው። ስሙን የሰጠው ቅጠል የአሪቲ ወገን ነው። በማርና በጌሾ ጠጅ የሚጥል የእናቶቻችን እጅ ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም፤ ጣፋጭን በመራራ መግራት እኛም ዘንድ የቆየ ጥበብ ነው።

አሁን ፒያሳ ደርሰናል። የምወስድዎ ወደ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። እቴጌይቱ እንደ እርስዎ የእንጦጦ ነዋሪ ነበሩ። ከብርዱ ወደ ፍልውኃ ወርደው ለከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚል ስም ያወጡ እርሳቸው ናቸው። ሆቴሉ በ1898 ዓ.ም. ሲሠራ፣ እንግዳን አብልቶ ገንዘብ መቀበል ነውር ነበረና ሰው ለመግባት አመነታ። አጤ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳቡን በእጃቸው ከፍለው አሳዩ ይባላል። እኔ በዚያ ባንኮኒ ያፈርሁትን ሳስብ፣ ሹማምንቱም በዚያን ቀን ዓይናቸውን የት እንዳሳረፉ ማወቅ ያምረኛል።

ሲገቡ አይቸኩሉ። የእንጨቱን ወለል ኮቴ ያዳምጡ። ቬርሙት ካለ ይጠይቁ፤ ከሌለም አይከፉ፣ ያለውን ይዘዙ። ዋጋውን አስቀድመው ቢጠይቁ ነውር የለበትም፤ ንጉሡም ከፍለዋል። አንዲት ብርጭቆ ብቻ፣ ከጎኗ ውኃ፣ ጊዜውም አንድ ሰዓት ያህል። ሁለተኛዋን ካዘዙ ግን አፔሪቲፍነቱ ቀረ፤ ስሟ ሌላ ነው።

ዛሬውኑ እንሂድ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ የዚህን ቤት ከፊል በልቶት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዙሪያው ከነበሩት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። እኔ ወጣት ሳለሁ የቆምሁበትን ባንኮኒ ላሳይዎ ብል አልችልም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ብርጭቆዋን ያስቀምጡና በአራት ኪሎ በኩል ሽቅብ ይመለሱ። የባሕር ዛፉ ሽታ ሲቀበልዎ ሆድዎ መጮህ ይጀምራል። አከራይዎ እማማ «የት ቆየህ፣ ሽሮው ቀዘቀዘ እኮ!» ቢሉዎ፣ ስለ ቱሪን አይንገሯቸው፤ እጅዎን ታጥበው ይቅረቡ።