ዓይን ብቻውን አይታመምም



ስለ ገዛ ሕመም በጋዜጣ መጻፍ ለምስጉን ልጅ የሚያምር ነገር አይደለም። ዳሩ ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና፣ ነገሩም የእኔ ብቻ ስላልሆነ እነሆ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ጧት ስነሣ ቀኝ ዓይኔ ጉም ለብሶ አገኘሁት። ባዞርሁት ቁጥር ከውስጥ ይወጋኛል። ቀይ እስክሪብቶዬ ለግራ ዓይኔ ቀይ፣ ለቀኙ ግን የደበዘዘ ቡናማ ነበረ። አንድ ነጋዴ መነጽር ሸጠልኝ፤ እናቴ ቂርቆስ ወስዳ ጠበል አስጠመቀችኝ፤ አንድ ክሊኒክ ደግሞ «ዓይንህ ጤነኛ ነው፤ የፈተና ጭንቀት ይሆናል» ብሎ አሰናበተኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተሻለኝና ረሳሁት። በአምስተኛው ወር እግሮቼ ሲደነዝዙ ሌላ ሐኪም ቤት ሄድሁ። እዚያ ስለ ዓይኔ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርሁም። ቪታሚን ሰጡኝ።

ሁለቱን ነገር ያገናኛቸው በመጨረሻ ያገኘሁት የነርቭ ሐኪም ነው፤ ያውም መሣሪያ ሳያነሣ፣ «ከዚህ በፊት ዓይንህን ታመህ ታውቃለህ?» ብሎ በመጠየቁ ብቻ።

የዓይን ነርቭ የአንጎል ክፍል ነው። ከዓይኑ ጀርባ ሲቆጣ ሕመምተኛውም አያይም፣ የዓይኑን ውስጥ የሚመረምረውም ሐኪም የሚያየው ነገር ላይኖር ይችላል። ይህ ቁጣ አንዳንድ ጊዜ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 የገለጸው መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው በሽታ መነሻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የሌላ በሽታ። የሳንባ ነቀርሳ፣ ቂጥኝና የቪታሚን ቢ12 ማነስ ሁሉ ተራ በተራ መጣራት አለባቸው። የነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ኢታምቡቶልም የዓይንን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ይህን የሚውጥ ጓደኛችን ቀለም ሲደበዝዝበት ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ ይንገር። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ክኒን ገዝቶ መዋጥም አይበጅም። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በደም ሥር የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ማገገምን ሲያፋጥን፣ በተለመደው መጠን ብቻውን የሚዋጠው ፕሬድኒዞን ግን ሕመሙ እንዲመላለስ እንዳደረገ አሳይቷል።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የነርቭ ሐኪም በአገራችን ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ነገር ግን የእኔን ወራት ያባከነው የሐኪም እጥረት ብቻ አልነበረም። የዓይኔ ካርድ በአንድ ቤት፣ የእግሬ ካርድ በሌላ ቤት ተቀምጦ እርስ በርሱ አለመተዋወቁ ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ የሰፈራችን ሰው ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። ቤቱን ያጣ ሰው ሌላ ቤት ያገኝ ይሆናል፤ በሄደበት ጤና ጣቢያ ግን የሕመሙን ታሪክ ከሀ ብሎ ይጀምራል። እናቴ የግፊት መድኃኒቷን ስም በቃሏ ባትይዝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ጠበልን የሚነቅፍ ቃል አልወጣኝም፤ እናቴ ዛሬም ትጸልይልኛለች። ጠበሉም ምርመራውን አልከለከለኝም፤ የከለከለኝ የእኔ ዝምታና «ጭንቀት ነው» የሚለው የችኮላ ቃል ነው። ጭንቀት ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ የሚነገር እንጂ ሰውን ከበር የሚመልሱበት ምክንያት መሆን የለበትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን የተማሪዎች ክሊኒክ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የምርመራውን ውጤት ግልባጭ በእጁ እንዲሰጠው ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን የታመምንበትን ቀን፣ የተሰማንን ነገርና የወሰድነውን መድኃኒት በደብተር እንመዝግብ። ለፈተና የምንጽፈውን ያህል ለአካላችን አንድ ገጽ ብንሰጥ ምን ይጎድልብናል?

የበሽታዬ ስም ገና አልተቆረጠም፤ የኤምአርአይ ምርመራ ሊደገም ቀጠሮ ይዣለሁ። አሁን ግን ወደ ሐኪሙ የምሄደው ደብተሬን ይዤ ነው።

ከሦስተኛ ዓመት ተማሪ