የማትሄድ መኪና ስጦታ አይደለችም

ስዊድን ያለን ኢትዮጵያውያን ስለ አገር ቤት ስናወራ አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል፦ «እዚህ ቆመው የሚበሰብሱትን መኪኖች ሰብስበን ብንልካቸው ስንት ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ይጠቅሙ ነበር!» ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው። እኔ ግን አልስማማም። ሶደርተልየ ላይ ቤሲክትኒንግ የወደቀች መኪና ባሕር ስለተሻገረች አትድንም። ፍሬኗ ለስዊድን ልጅ አደገኛ ከሆነ ለጎንደር ልጅም አደገኛ ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ2015 እስከ 2018 ድረስ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ከአገር ወደ አገር ተልከዋል፤ ትልቁ ድርሻ የገባው አፍሪካ ነው። ከኔዘርላንድስ ወደቦች ወደ አፍሪካ ከተላኩት ውስጥ አብዛኞቹ የጸና የምርመራ ወረቀት አልነበራቸውም። ሕጉም አያግዘንም። ዘይቱና ባትሪው ያልወጣለት ቁራጭ መኪና በአውሮፓ ሕብረት ሕግ አደገኛ ቆሻሻ ስለሆነ ወደ አፍሪካ መላክ ክልክል ነው። ኢትዮጵያም በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ እንደማይገቡ በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በኩል አስታውቃለች።

«አገር ቤት እኮ የሚጣል ነገር የለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ቆራሌው ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ብረቱን ይሰበስባል፤ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫው ገበያ ነው፤ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮውን ምድጃ ያደርገዋል፤ ጎማው በረባሶ ይሆናል። እኛ በክፍል ውስጥ ስለ መልሶ መጠቀም ከመማራችን በፊት የመርካቶ ሰዎች ኖረውበታል። ነገር ግን የተቃጠለውን ዘይት፣ የባትሪውን አሲድና እርሳስ ምን ያደርጉታል? ዘይቱ አፈር ውስጥ ይገባል። እርሳሱ በአቧራና በጭስ ልጆች ዘንድ ይደርሳል፤ አእምሯቸውንም ይጎዳል። ጓንት ለሌለው ሠራተኛ እዳችንን አሸክመን «ረዳን» ማለት አይገባንም።

እዚህ ግን ሥራው ሥርዓት አለው። ፈቃድ ያለው ቢልስክሮት በመጀመሪያ ነዳጁን፣ ዘይቱን፣ የፍሬን ፈሳሹንና የማቀዝቀዣውን ጋዝ ይቀዳል፤ ባትሪውን ያወጣል፤ የሚሠሩ ዕቃዎችን ፈትቶ ይሸጣል፤ የቀረው ቀፎ ተጨፍልቆ ብረቱ እንደገና ይቀልጣል። በአውሮፓ ሕብረት መመሪያ መሠረት ከ2015 ጀምሮ ከመኪናዋ ክብደት 95 በመቶው ተመልሶ ጥቅም ላይ መዋል አለበት። ለዚህም ባለቤቱ እንዳይከፍል አምራቾች ኃላፊነት አለባቸው፤ ብዙ ቢልስክሮቶችም ለብረቷ ጥቂት ገንዘብ ይሰጣሉ።

መኪናችሁ ካረጀች እንግዲህ ሊብሬዋንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የማፍረሻውንም ምስክር ወረቀት ሳትቀበሉ አትመለሱ። ስማችሁ ከትራንስፖርትስቲረልሰን መዝገብ የሚወጣው በእሱ ነው። ለአዲስ መጥ ተማሪ «ውሰዳት፣ ንዳት» ብላችሁ ቁልፍ የምትሰጡ ደግሞ ደህና መኪና ስጡ፤ ስሙንም በዚያው ቀን አዛውሩ። ካልሆነ የፓርኪንግ ቅጣቱ፣ ግብሩና ኢንሹራንሱ የሚመጣው በእናንተ ስም ነው። የማትረባ ከሆነች ደግሞ ልጁ ገና ከመምጣቱ የጥገና ባለዕዳ ይሆናል።

አሜሪካ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቻችን መኪና ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጥተው ግብር እንደሚያስቀንሱ ይነግሩናል። እዚያም ቢሆን ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋን ሸጦ በገንዘቡ ይጠቀማል። የስዊድን የግብር ቅናሽ የሚታሰበው ደግሞ ተቀባይነት ላገኘ ድርጅት ለተሰጠ ገንዘብ ብቻ ነው። ስለዚህ መንገዱ ግልጽ ነው፦ የምትሄደውን ሽጡ፣ የማትሄደውን እዚሁ አስፈርሱ፣ ገንዘቡን ስጡ።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። አባላት መኪና ሲሸጡ ወይም ሲያስፈርሱ ከሚያገኙት የተወሰነ ድርሻ ተሰብስቦ አገር ቤት አውቶ መካኒክ ለሚማሩ ወጣቶች ጓንት፣ መነጽርና መሣሪያ ይግዛ። ከዚህ የሚበልጥ ስጦታም አለን። የምንኖረው የስካኒያ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ከተማ ነው፤ ከመካከላችን ምህንድስና የሚማሩ አሉ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የሚነዱት የኤሌክትሪክ መኪኖች ነገ ያረጃሉ፤ ትልልቅ ባትሪዎቻቸውም አውቆ የሚፈታቸው ሰው ይፈልጋሉ። ያን ዕውቀት አሁን ተምረን ብናካፍል አንድ ኮንቴነር ሙሉ አሮጌ መኪና ከመላክ ይሻላል።

ለእንግዳ የሻገተ እንጀራ አናቀርብም፤ ለወገንም የሚቀርበው ደህናው ነው። የሻገተውን እዚሁ፣ በወጉ እናስወግደው።